ያውቁ ኖሯል? «አልጋ የለም!»

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ። «አልጋ የለም ጋሼ» አለችኝ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ ከመዝገቧ ቀና እንኳ ሳትል። ምነው ብላት፣ «ነገ ሩጫ ነዋ!» አለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከወዴት መጣ በሚል ድምፅ። ከጀርባዋ ያለው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ የቀሩት ምስማሮቹ ብቻ ናቸው። በኮሪደሩ በየበሩ ሥር የሩጫ ጫማ ተደርድሯል፤ ከአንዱ ክፍል ደግሞ እግሩን በቅባት የሚታሽ ሰው ሲያቃስት ይሰማል። ሦስት ቤት ዞሬ አራተኛው ላይ ያገኘሁት አልጋ ከወትሮው በእጥፍ ዋጋ ጠበቀኝ። ተናድጄ ነበር። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን ከተማዋ ስትመኝ የኖረችው ይህንኑ ነው። ውድድር ለአንድ አካባቢ ምን ጠቀመ ለሚል ሰው ከጭብጨባውና ከርችቱ ይልቅ የሚያዋጣው ጥያቄ «እንግዳው ስንት ሌሊት አደረ?» የሚለው ይመስለኛል። የዛሬው ዓምድ በዚሁ ዙሪያ የቃረምኩትን ይዟል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያለበት የኛ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ለንደን ኦሎምፒክን ባስተናገደችበት በኦገስት 2012 ወደ ብሪታንያ የገባው የውጭ እንግዳ ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር በ5 በመቶ ቀንሶ ነበር። አዎ፣ ቀንሶ። ግርግሩንና የሆቴል ዋጋውን የፈራው የወትሮው ቱሪስት «ይለፍልኝ» ብሎ ቀረ። የመጡት ሰዎች እጃቸው ፈታ ያለ ስለነበር የወጣው ገንዘብ ጨምሯል። ሠርግ ያለበት ቤት ሌላ እንግዳ አይደፍረውም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

ከዚያ በፊት በ2008 ቤጂንግ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ቪዛው ጠብቆ፣ ፍተሻው በዝቶ፣ ብዙ ሆቴሎች የጠበቁትን ያህል እንግዳ አላገኙም።

ባርሴሎና ግን ተሳክቶላታል። በ1990 ሆቴሎቿ ያስተናገዱት እንግዳ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2000 ወደ 3.1 ሚሊዮን ደርሷል። ምስጢሩ የ1992ቱ ኦሎምፒክ አሥራ ስድስት ቀን ብቻ አልነበረም። ከተማዋ ውድድሩን ሰበብ አድርጋ ከባሕሩ የለያትን የፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ሰፈር አነሳች፤ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር የባሕር ዳርቻም አሸዋ አልብሳ ከፈተች። ሯጮቹ ሄዱ፣ አሸዋው ቀረ። ዛሬ ነዋሪዎቹ በተቃራኒው «ቱሪስት በዛብን» እያሉ ሰልፍ ይወጣሉ፤ ይህም የስኬት ዕዳ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የኖርዌይዋ ትንሽ ከተማ ሊልሃመር በ1994 የክረምት ኦሎምፒክን ባማረ ሁኔታ ካስተናገደች በኋላ፣ ሙሉ አገልግሎት ከሚሰጡት ሆቴሎቿ 40 በመቶ ያህሉ ከስረዋል። ለሁለት ሳምንት እንግዳ ተብሎ የተሠራ ክፍል ሃምሳውን ሳምንት ባዶውን ያድራል። ባንክ ደግሞ ወለዱን የሚቆጥረው ለሃምሳ ሁለቱም ነው።

ሞንትሪያል የ1976ቱን ኦሎምፒክ ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶባታል። ከከፋዮቹ መካከል የሲጋራ አጫሾች ይገኙበታል፤ በትምባሆ ላይ ልዩ ግብር ተጥሎ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ አገሮች ሳይሳተፉ ቀርተዋል፤ ምሩጽ ይፍጠርም የሞስኮን 1980 መጠበቅ ግድ ሆነበት።

በሞንትሪያል ድንጋጤ የተነሳ የ1984ቱን ኦሎምፒክ በመጨረሻ አጥብቆ የፈለገ ከተማ አንድ ብቻ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ። ብቻዋን ስለነበረች ተደራደረች፤ በነበሩት ስታዲየሞች ተጠቀመች፤ ለመዋኛውና ለብስክሌቱ የሚሆኑትን ደግሞ ኩባንያዎች ስማቸውን ለጥፈው እንዲሠሩላት አደረገች። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተርፏታል። ተጫራች ሲጠፋ ገዢ ይነግሣል።

አሁን ወደ ሮም እንሂድ። አበበ ቢቂላ በ1960 የሮጠበት መንገድ ራሱ የቱሪዝም ማስታወቂያ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? አዘጋጆቹ ማራቶኑን ከስታዲየም አውጥተው፣ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ አስነስተው፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር እንዲያልቅ አደረጉት። ጊዜው ምሽት ነበር። በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል፤ የሁለት ሺህ ዓመት ድንጋይ በእሳት ብርሃን ይታያል። ሮም ለዓለም የላከችው ፖስትካርድ ነበር። ፖስትካርዱ ላይ ግን አንድ በባዶ እግሩ የሚሮጥ የጃቶ ልጅ ገባበት። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የተፈተለከው ደግሞ ሙሶሊኒ ከአክሱም ዘርፎ ባስተከለው ሐውልት አቅራቢያ ነው። 2፡15፡16። መንገዱን ያሰመሩት ሰዎች ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 ቆሟል፤ ፊልሙ ግን እስከዛሬ ሮምን ያስተዋውቃል።

አበበ በድጋሚ ያሸነፈባት ቶኪዮስ? ታዋቂው ፈጣን ባቡር ሺንካንሴን ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 1964፣ ኦሎምፒኩ ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ባቡሩ ዛሬም እንግዳ ያመላልሳል።

ከሁሉም ግን ብዙ ያስተማረችኝ ከተማ ቫሌንሲያ ናት። ታሪኩ የሚጀምረው ባሕር በሌላት አገር ነው። በ2003 የስዊዘርላንዱ አሊንጊ ቡድን አሜሪካስ ካፕ የተባለውን ስመ ጥር የጀልባ እሽቅድምድም አሸነፈ። ቀጣዩን ውድድር አሸናፊው በገዛ ባሕሩ ማዘጋጀት ነበረበት። ስዊዘርላንድ እንደኛው ባሕር የላትም! ስለዚህ የአውሮፓ የወደብ ከተሞች «እኛ ጋ ይሁን» እያሉ ተሻሙ፤ ዕድሉ ለስፔኗ ቫሌንሲያ ወጣ፤ በ2007ም አስተናገደች። በዚህ የሞቀችው ከተማ ወዲያው ፎርሙላ ዋንን ጨመረች። ከ2008 እስከ 2012 በወደቡ ዙሪያ በጎዳና ላይ መኪና አሽከረከረች። ፖለቲከኞቹ «ከሕዝብ ኪስ አምስት ሳንቲም አይወጣም» ዓይነት ተስፋ ሰጥተው ነበር፤ የወጣው በመቶ ሚሊዮኖች ዩሮ ሆነ። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ላይ ሳር በቀለ፤ መጠጊያ ያጡ ሰዎችም ጎጆ ቀለሱበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያችው ከተማ ከ1981 ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶ የሚካሄድ አንድ ማራቶን ነበር። ስታዲየም አይፈልግም። የሚፈልገው ሜዳማ መንገድ፣ የዲሴምበር መለስተኛ ቅዝቃዜና በጎ ፈቃደኛ ነው። ከተማዋ ቆየት ብላ ሀብቷን አወቀችና ራሷን «የሩጫ ከተማ» ብላ ሰየመች። ቀሪውን እርስዎም ያውቁታል። ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5 ሺህ ሜትርን፣ በ2021 የግማሽ ማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ ነው። በ2022 አማኔ በሪሶ 2፡14፡58፤ በ2023 ሲሳይ ለማ 2፡01፡48 ሮጠው አሸንፈዋል። ሰዓት ማሻሻል የሚመኝ ተራ ሯጭ እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ትኬት ይቆርጣል፤ የትዳር ጓደኛውን ይዞ ይመጣል፤ ዓርብ ገብቶ ማክሰኞ ይወጣል። መጨረሻው መስመር ውኃ ላይ በተነጠፈ ሰማያዊ መድረክ ላይ ስለሆነ ፎቶውን ሳይለጥፍ የሚያድር የለም። ለማስታወቂያው የሚከፍለው ሯጩ ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ጥቂቱን በፍጥነት፦

በ2010 ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ ብለው የመጡት የውጭ እንግዶች 309,554 ነበሩ። ቀደም ብሎ ሲነገር የነበረው ከ400 ሺህ በላይ ነው።

ብራዚል በአማዞን ጫካ መሐል ማናውስ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠራች። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የተካሄዱበት ጨዋታዎች አራት ናቸው። ዋና ከተማዋ ብራዚሊያ ደግሞ በስታዲየሟ ቅጥር አውቶቡስ አቁማበታለች።

ካታር በ2022 ካሠራቻቸው ስታዲየሞች አንዱ 974 የጭነት ኮንቴይነሮች ተገጣጥመው የቆመ ነው። 974 የአገሪቱ የስልክ መለያ ቁጥር መሆኑን እዚያ ዘመድ ያለው አበሻ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ዶሃ አልጋ ሲጠባት ብዙ ደጋፊ ዱባይ እያደረ በአውሮፕላን ይመላለስ ነበር፤ የአዳር ሒሳቡ ጎረቤት ገባ ማለት ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ክልሎች ውድድር ይነጣጠቃሉ ቢባሉ ያምናሉ? አዴሌድ ከ1985 እስከ 1995 ፎርሙላ ዋንን በጎዳናዎቿ ላይ አስተናገደች። ጎረቤቷ ቪክቶሪያ በ1991 ትልልቅ ዝግጅቶችን የሚያድን አንድ ድርጅት አቋቁማ ነበርና በ1996 ውድድሩን ወደ ሜልበርን ወሰደችው። ይህችው ቪክቶሪያ የ2026ቱን የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በገጠር ከተሞቿ ልታካሂድ ተረክባ፣ በ2023 «ወጪው ከ2.6 ቢሊዮን ተነስቶ ከ6 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አሻቀበ» ብላ ተወችው። ለመተው ብቻ 380 ሚሊዮን ከፍላለች። ጨዋታው ወደ ግላስጎው ሄደ።

በ2014 የእንግሊዟ ዮርክሸር የቱር ደ ፍራንስን መነሻ ሁለት ቀን አስተናግዳለች። የፈረንሳይ ብስክሌት እንግሊዝ አገር ምን ያደርጋል አይበሉ፤ ከተሞች ከፍለው ነው የሚያስመጡት። ሕዝቡ በሚሊዮን ወጣ፤ ገበሬዎች በጎቻቸውን ቢጫ ቀለም ቀቡ። ከሄሊኮፕተር ላይ የሚቀርጸው ካሜራ አረንጓዴውን ኮረብታ ለሰዓታት ለዓለም አሳየ። ከዚያም አካባቢው «የራሴ ይኑረኝ» ብሎ የዮርክሸር ቱርን ጀመረ፤ ከ2015 እስከ 2019 ቆየ። ያንን ሁሉ ያመጣው የቱሪዝም ድርጅት ግን በ2022 ከስሮ ተዘግቷል። በጎቹም ሱፋቸው ተሸልቶ ነጭ ሆነዋል።

የብስክሌት ነገር ከተነሳ፣ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካን የረገጠው በሴፕቴምበር 2025 ኪጋሊ ላይ ነው። ለሳምንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ መንገዱ ለብስክሌት ተለቀቀ። ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ። ሩዋንዳ ግን በአንድ ቀን የተነሳች አይደለችም፤ የሩዋንዳ ቱርን በየዓመቱ ስታካሂድ ኖራለች፣ በ2018 ስሟን በአርሰናል ተጫዋቾች እጅጌ ላይ አጽፋለች፣ በ2021 የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግን የመጀመሪያ ውድድር አስተናግዳለች። ብስክሌት ሊያይ የመጣው ፈረንጅ ጎሪላ ሳያይ እንዳይመለስ ነው ልፋቱ፤ የጎሪላው ፈቃድ ለውጭ ሰው 1,500 ዶላር ነው።

እኛስ? ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስናነሳ የነበሩት ቡድኖች አራት፣ ጠቅላላ ጨዋታዎቹም አራት ናቸው! በ1968 አዲስ አበባና አስመራ፣ በ1976 አዲስ አበባና ድሬዳዋ አስተናገዱ። ዛሬ ውድድሩ 24 ቡድንና 52 ጨዋታ ሆኗል። አይቮሪ ኮስት «የ2023» የተባለውን ዋንጫ ዝናቡን ሸሽታ በ2024 መጀመሪያ ስታካሂድ ስድስት ስታዲየም በአምስት ከተማ አሰማርታለች።

የ2020ው ቻን (የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና) ለኢትዮጵያ ተሰጥቶ እንደነበር ያስታውሳሉ? ዝግጅቱ አልደርስ ሲል ለካሜሩን ተላለፈ። ካሜሩን ራሷ ደግሞ በተመሳሳይ ምክንያት የ2019ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለግብፅ አስረክባ ነበር።

ይህኛው ያንገበግባል። ጁን 9 ቀን 2022 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት «በሜዳቸው» ነው። ሜዳቸው የት ነበር ቢሉ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! የአገራችን ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ቡድናችን ቤቱን በሰው አገር ተከራይቶ ነበር። የዚያን ቀን ድሉ የኛ ሆነ፤ ሆቴሉን የሞላው፣ ታክሲ የተኮናተረው፣ ምሳ የበላው እንግዳ ግን ገንዘቡን ሊሎንግዌ አራግፎ ሄደ።

የራሳችን የሆነ ነገር የለንም ማለት ግን አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2001 የጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዕለት 10 ሺህ ሰው አሰልፎ፣ ኃይሌ ራሱ አንደኛ ወጥቷል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር እንግሊዛዊው ማራቶን ሯጭ ሪቻርድ ኔሩካር ነበር። አሁን ተሳታፊው ከ40 ሺህ ያልፋል። በኅዳር አንድ እሑድ ማለዳ መስቀል አደባባይ ቆሞ ያየ ሰው እንደሚመሰክረው ከሯጩ ጨፋሪው ይበዛል፤ አንዱ ጡሩንባ ይነፋል፣ ሌላው የልጁን ጋሪ ይገፋል፣ ከውጭ የመጣው ሯጭ ደግሞ አሥር ኪሎ ሜትሩን አቅልሎ ተነስቶ ሦስተኛው ላይ የአዲስ አበባ አየር ሲያጥረው ወገቡን ይዞ ይቆማል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አስፋልት፣ ውኃና ቲሸርት ነው።

የደቡብ አፍሪካው ኮምሬድስ በ1921 ሲጀመር የተነሱት 34 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደርባንና በፒተርማሪትስበርግ መካከል፣ አንዱን ጊዜ ሽቅብ አንዱን ጊዜ ቁልቁል። ቁልቁለቱን የጨረሰ ሰው ሽቅቡን ካልሞከረ አያርፍምና በሌላ ዓመት ይመለሳል። ደንበኛ መመለሻ ዘዴው መንገዱ ውስጥ ተቀብሯል።

ያለ ውድድርም እንግዳ ይመጣል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው የኬንያዋ ኢቴን መግቢያዋ ላይ «የሻምፒዮኖች ቤት» የሚል ቅስት አቁማ ከአውሮፓ የሚመጣ ሯጭ ታሳድራለች። የኛዋ በቆጂ ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽንና ገንዘቤን አፍርታ ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን ያሯሯጠበትን ሜዳ ማየት የሚመኝ የውጭ ሯጭ ብዙ ነው። ማደሪያና መንገድ ካገኘ ይመጣል። ሱሉልታ ዕድሉን ቀድማ አይታ ለሯጮች ማረፊያ ስላላት ሞ ፋራህን የመሰለ ሰው መጥቶ ሰልጥኖባታል።

የዱባይ ማራቶን ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ ነው። ኃይሌ ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ጊዜ አከታትሎ አሸንፎበታል። ከመንገዱ ዳር ባንዲራ ለብሰው እልል የሚሉት በአብዛኛው እዚያው የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው፤ ድምቀቱን ለዱባይ በነፃ ነው የሚሰጡት።

ያውቁ ኖሯል? ከአበሻ የስፖርት ዝግጅቶች ሁሉ ሆቴል በመሙላት የሚታወቀው ምናልባት አሜሪካ ውስጥ ያለው ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ሂዩስተን ላይ ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የእግር ኳስ ውድድር ያካሂዳል፤ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትል ተዳርሰዋል። ከሰላሳ ያህል ቡድን ጋር የሚመጣውን ሕዝብ ግን ኳሱ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ከስታዲየሙ በር ውጭ የጥብስ ጭስ ይነሳል፤ ድንኳን ሥር ጀበና ተጥዷል፤ የልደታና የፒያሳ ልጆች ሃያ ዓመት ያልተያዩ ተቃቅፈው መንገድ ይዘጋሉ። ለሁለት ሰው በተያዘ ክፍል ስድስት ዘመድ ያድራል፤ ቁርስ ላይ ሲወርዱ አስተናጋጇ ቆጥራ ቆጥራ ትተዋለች። ሳምንት ሙሉ ቆይቶ አንድም ጨዋታ ያላየ ሰው አውቃለሁ። ውጤቱን ስጠይቀው «የማን ከማን?» ነው ያለኝ።

የመጨረሻው ስታዲየምም ትራክም አይፈልግም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ በዓድዋና ከዚያ በኋላ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ ነው። በጌጥ ያሸበረቁ ፈረሶች ሜዳውን ሲሞሉት፣ ሽርጡና ጉግሱ ሲጀመር አቧራው ከቀዝቃዛው አየር ጋር ተደባልቆ ዓይን ያቃጥላል፤ ማንም ግን ቦታውን አይለቅም። ጥምቀትን ጎንደር ያሳለፈ እንግዳ አሥራ ሁለት ቀን ታግሶ ጣናን፣ ጢስ ዓባይን እያየ ቢቆይ ደርሶ ማየት ይችላል። ለመሄድ ያሰቡ ካሉ አልጋ አስቀድመው ይያዙ፤ እንጅባራ ሆቴሉ ብዙ አይደለም፣ ሌሊቱም ብርድ ነው።